የየሺአረግ ስፕሪስ

የሺአረግ «እሺ» ለማለት አንድ ቀን ሙሉ ታስባለች፤ «እምቢ» ለማለት ግን ትንፋሽ አይፈጅባትም። ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ በር በያጆችና ሶፋ ሠሪዎች በተደረደሩበት መንገድ ላይ መጋረጃ ስትሸጥ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ዕድሜዋ አርባ ስምንት ሆኗል። ድምፅዋ ግን ሃያ ስምንት ላይ ቆሞ ቀርቷል። በስልክ የሰሟት ወንዶች ሱቁ ድረስ ይመጡና እሷኑ ፊት ለፊት እያዩ «ያቺ ልጅ የለችም?» ብለው ይጠይቋታል።

«ወጣ ብላለች፤ እኔ ላስተናግድዎት» ትላለች። መጋረጃ ሳታሸክመው የተመለሰ የለም።

ታዲያ ይህቺ ሴት በየወሩ አንድ ነገር ትሠራለች፤ ስሙንም ስፕሪስ ብላዋለች። ጭማቂ ቤት ስፕሪስ ሲባል አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ከመሃል፣ ፓፓያው ከላይ ሆኖ ሳይደባለቅ ነው የሚቀዳው። የእሷ ስፕሪስ አይጠጣም፤ ይሰማል። ከታች የሽያጭ ምክር፣ ከመሃል ሙዚቃ፣ ከላይ ከተማው። በስልኳ ትቀዳውና በሱቁ የቴሌግራም ቻናል ላይ ትለቀዋለች። ርዝመቱ ከቦሌ ሚካኤል መገናኛ በታክሲ እስኪደረስ ነው፤ መንገዱ ከተዘጋጋ ሁለቴ ይሰማል።

ስቱዲዮዋ ከሱቁ ጀርባ ያለው የጨርቅ መጋዘን ነው። ጣቃ በጣቃ ላይ የተነባበረበት ክፍል የመንገዱን ጩኸት ውጦ ያስቀረዋል። ይህን ያስተማራት ባለሙያ የለም። አንድ ቀን እዚያ ገብታ ከእህቷ ጋር በስልክ ስትጨቃጨቅ፣ የራሷ ድምፅ እንደ ሬዲዮ ጥርት ብሎ ቢሰማት ጭቅጭቁን ረስታ ዝም ብላ አዳመጠችው። እህቷ እስከ ዛሬ ያን ቀን የረታቻት ይመስላታል።

ሙዚቃው የጋሽ ገሰሰ ነው። ጋሽ ገሰሰ በሱቁ ጥግ መጋረጃ የሚሰፉ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ምሽት ክበብ ውስጥ ሳክስፎን ይነፉ ነበር። የፊት ጥርሶቻቸው ወልቀው ሳክስፎኑ ፉፉ ብቻ ማለት ሲጀምር ትተውት ወደ ክራር ዞሩ። «ክራር ጥርስ አይጠይቅም» ይላሉ። ስፕሪሱ የሚቀዳበት ቀን ሲደርስ ጨርቁን ከስፌት መኪናው ላይ ያወርዱና መርገጫውን በባዶ ይረግጣሉ። እግራቸው ምቱን ከች ከች ያደርገዋል፣ እጃቸው ክራሩን ይመታል። አንዲት የጫማ ሻጭ «ከበሮ የሚመታው ልጅ ማነው?» ብላ የጻፈች ጊዜ ጋሽ ገሰሰ «ልጅ» መባላቸውን ለሳምንት ያህል አጣጣሙት።

ከላይ የሚደፋው ከተማ ደግሞ የትም ሞልቷል። የመገናኛ ረዳቶች ጥሪ፣ የኮብልስቶን ጠራቢዎች መዶሻ፣ የቦሌ ለሚ ፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ሲወጡ የሚያወርዱት ሳቅ። የሁሉም አለቃ አውሮፕላኑ ነው። ቦሌ ሚካኤል አውሮፕላን ሲያልፍ ሰው ሁሉ አፉን እንደከፈተ ይጠብቃል። የሚጣላውም፣ የሚዋዋለውም፣ የሚያገባውም ይጠብቃል፤ ካለፈ በኋላ ካቆመበት ቃል ይቀጥላል።

እንግዲህ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የሱቁ ባለቤት ራህማ አንድ ወጣት ይዛ መጣች። ራህማ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ንግድን መርካቶ ከአባቷ ጎን ቆማ የተማረች፣ ስትናገር የማታንዛዛ ልጅ ናት። ወጣቱ ቶሚ ይባላል፤ ለሱቆች ቪዲዮ ይሠራል።

«ማዘር፣ ሰማሁት» አላት ቶሚ። «አይዲያው ይመቻል። ግን በጣም ረዘመ። የዛሬ ሰው ያለው አሥራ አምስት ሰከንድ ነው።»

«የቀረውን ጊዜውን ማን ወሰደበት?»

ቶሚ ሳቀ። ራህማ አልሳቀችም።

«የሺዬ፣ አትቀየሚኝ» አለች። «ሦስት መቶ ምናምን ሰው ነው የሚሰማሽ። ግማሹ ራሱ ሻጭ ነው፤ ጫማ ሻጭ፣ ሴራሚክ ሻጭ፣ ይባስ ብሎ መጋረጃ ሻጭ። ተፎካካሪ ነው እንዴ የምናስተምረው? ሰምቶ የገዛን ሰው እስካሁን አላየሁም። ከመስከረም ጀምሮ ቻናሉን ቶሚ ይያዘው።»

የሺአረግ የያዘችውን ጣቃ ቀስ ብላ አስቀመጠች። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ለሬዲዮ አንባቢነት ተፈትና ነበር። ፈታኙ ሰውዬ «ድምፅሽ ግሩም ነው፤ ዞረሽ ነይ» አላት። ዞራ ሄደች። «ዞረሽ ነይ» አላት። ሦስተኛ ጊዜ ስትሄድ በሩ ላይ ሌላ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ በድምፅዋ መጋረጃ ሸጠችበት እንጂ ሌላ ነገር ይሠራበታል ብላ አላሰበችም፤ ያ መጋዘን እስኪያስተምራት ድረስ። አሁን ደግሞ ሊወስዱባት ነው።

«ጳጉሜ አለች አይደል?» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ነሐሴ አለ፣ ከዚያ ጳጉሜ አለች። መስከረም ገና ነው።»

ራህማ ፈገግ አለች። ነጋዴ ናትና ድርድር ስትሰማ ደስ ይላታል። «እሺ። ጳጉሜ እስክታልቅ ‹ስፕሪስ ሰምቼ ነው የመጣሁት› ብሎ በዚህ በር የሚገባ አንድ ሰው አምጪልኝ። አንድ ብቻ። ከገባ ቻናሉ ያንቺ፣ ካልገባ የቶሚ። ዘመድሽ ግን አይቆጠርም። ጋሽ ገሰሰም አይቆጠሩም።»

«እኔ ምን አደረግሁ?» አሉ ጋሽ ገሰሰ ከጥግ።

ሁለቱ ከወጡ በኋላ የሺአረግ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መሃል ሱቁ ላይ ቆመች። «ቻናሌን? ሞቼ ነው ቆሜ! ጋሽዬ፣ ክራርዎን ይቃኙ።»

የነሐሴ ስፕሪስ መሬት የሚያንቀጠቅጥ መሆን ነበረበት። ሻጭ ሁሉ የሚያውቀውን፣ ገዢ ሁሉ የሚያደርገውን ነገር ፈለገች፤ አገኘችውም። መጋዘኑን ዘጋች፣ ስልኳን ወይን ጠጅ ጣቃ ላይ አስደገፈች።

«ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ‹ዞሬ እመጣለሁ› ማለት ምን ማለት ነው? በመዝገበ ቃላት መመለስ ነው። በሱቅ ቋንቋ ግን ቻው ነው! አሥራ አንድ ዓመት ቆሜ አይቻለሁ፤ ዞሮ የመጣ ሰው በጣት ይቆጠራል፣ እሱም ጃንጥላውን ረስቶ ነው። ዋጋውን ሰምቶ ሲደነግጥ ‹ዞሬ እመጣለሁ›። ላይገዛ ቆርጦ ሲወጣም ‹ዞሬ እመጣለሁ›። ባለፈው ሰሞን አንዲት ወይዘሮ መጡላችሁ...»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው፣ ወይም የተቃናው። ሴትዮዋ በሐምሌ ዝናብ መጥተው ወይን ጠጁን ጨርቅ ሦስት ጊዜ ዳስሰው የሄዱ ሰው ነበሩ። የሺአረግ ድምፃቸውን እንዳለ አወጣችው፤ ጉሮሮን ጠረግ፣ ሁለት አጫጭር ሳል፣ ከዚያ «ዞሬ፣ ልጄ፣ ዞሬ እመጣለሁ»። ቀጥላም «ምክሬ ይህ ነው፤ ዞሬ ያላችሁን ሰው አትከተሉት፣ ለሚቀጥለው ቦታ አስለቅቁ» አለችና ሙዚቃውን አስገባች።

ጋሽ ገሰሰ ሲያዳምጡ ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሺ፣ የሰው ድምፅ መልበስ ደግ አይደለም። ልብስ ከሆነ አጥበሽ ትመልሺዋለሽ።»

«ጋሽዬ ደግሞ! ማን ያውቃቸዋል?»

ስፕሪሱ ተለቀቀ። ወዲያው እንደ እሳት ተያያዘ። ሦስት መቶ የነበረው ሰሚ ከሺህ አለፈ። መገናኛ ያሉ ሴራሚክ ሻጮች ጠዋት ሲገናኙ በሰላምታ ፈንታ «ዞሬ፣ ልጄ፣ ዞሬ» መባባል ጀመሩ። አንድ የታክሲ ረዳት ሒሳብ ሲሰበስብ አንዱ ተሳፋሪ «ዞሬ እከፍላለሁ» ብሎት ታክሲው በሳቅ ሞተ ተባለ። በየሺአረግ ሱቅ በር ግን «ሰምቼ ነው» ብሎ የገባ አንድም ሰው አልነበረም። ሲስቅ የዋለ ሁሉ ስቆ ቀረ። ነሐሴ አለቀ። ጳጉሜ አንድ ሆነ፣ ሁለት ሆነ።

ራህማ ስትገባ «መጣ?» ትላለች።

«ይመጣል።»

ስትወጣ «መጣ?»

«ይመጣል አልኩሽ እኮ!»

ጳጉሜ ሦስት ሩፋኤል ነው፤ ዝናቡ ጠበል ነው ተብሎ ሰው ሆን ብሎ የሚመታበት ቀን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ስልሳ ያለፋቸው ወይዘሮ ጃንጥላቸውን ሳይዘረጉ በእጃቸው እንደያዙ፣ ከራሳቸው እስከ እግራቸው ርሰው ገቡ። በሩ ላይ ቆሙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሁለት ጊዜ ሳሉ።

«ዞሬ መጣሁ» አሉ።

የሺአረግ በሳሉ አወቀቻቸው። የጋሽ ገሰሰ መኪና ቀጥ አለ። ራህማ ግን ምንም አላወቀችም፤ ከወንበሯ ብድግ ብላ «እንኳን ደህና መጡ እናቴ» አለች።

«ስፕሪስ የምታወራው የቷ ናት?»

ራህማ ፊቷ በራ። «ሰምተው ነው የመጡት?»

«ሰምቼ ነው እንጂ! መች አንዴ ብቻ? ልጄ አሰማኝ፣ ምራቴ አሰማችኝ። የልጅ ልጄማ ‹ዞሬ፣ ልጄ፣ ዞሬ› እያለች ቤት ለቤት ትዞርብኛለች። ፈለቀች እባላለሁ። ስሜን እንኳ ሳታውቂ ለከተማ ሰጠሽኝ!» ይህን ሲሉ ወደ የሺአረግ ዞረው ነበር፤ በሐምሌ ያስተናገደቻቸው እሷ ናትና አወቋት። «ሳሌንም አስመሰልሽው። ሳሌ ምን አደረገሽ?»

ራህማ አንዴ ሴትዮዋን፣ አንዴ የሺአረግን አየች። የሺአረግ አፏን ስትከፍት አውሮፕላኑ መጣ። ያ የቦሌ ሚካኤል አውሮፕላን የሱቁን መስታወት እያርገበገበ መጣና አራቱም ሰዎች እንደ ቆሙ ቀሩ። በዚያች ጊዜ ውስጥ የሺአረግ ሦስት ውሸት አሰበች። «እርስዎን አይደለም» ልትል አሰበች። «ሌላ ሴት ናቸው፣ እሳቸውም ያስላቸዋል» ልትል አሰበች። «ያደረገው ቶሚ ነው» ልትልም አሰበች፤ ይህኛው ጣፈጣት። ጫጫታው አለፈ።

«እርስዎ ነዎት» አለች ጎንበስ ብላ። «ያስመሰልኩትም እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ወይዘሮ ፈለቀች ለጠብ ያዘጋጁት ሁሉ ቦታ አጣ። ጃንጥላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ይቅርታውን ቆይ። ለመሆኑ ያን ቀን ለምን እንደሄድኩ ታውቂያለሽ?»

«ዋጋው...»

«ዋጋ ላይ መቼ ደረስን! ስገባ መጀመሪያ ምን አልሽኝ?»

«እንኳን ደህና መጡ?»

«እሱንማ ይህቺ ልጅ ናት አሁን ያለችኝ። አንቺ ‹ስንት ሜትር ነው?› ነው ያልሽኝ። ደህና ዋሉ የለ፣ ይቀመጡ የለ፤ ስንት ሜትር! እኔ መሐንዲስ ነኝ? የድሮ ቤቴ መስኮት ሰፌድ ነበር የሚያክለው፤ አንድ ነጠላ ይሸፍነዋል። ልጄ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶለት ስንገባ መስኮት ሳይሆን ግድግዳው ሁሉ መስታወት ሆነብኝ። ልኩን አላውቅም። ‹አላውቅም› እንዳልል ሁለት ወጣት ሴቶች ጎኔ ቆመው ‹አራት በሁለት ሰባ› እያሉ እንደ ቁርኣንና እንደ ዳዊት ይደግማሉ። አፈርኩ። ዞሬ እመጣለሁ አልኩ። ለክቼ ልመጣ ነበር እኮ! ግን ሜትር የለኝ፣ ቁመቴም አይደርስ።»

የሺአረግ በሐሳቧ ወደ ኋላ ሄደች፤ አሥራ አንድ ዓመት፣ በቀን ምን ያህል ሰው፣ ለሁሉም «ስንት ሜትር ነው?»። ዞሬ እመጣለሁ ብለው የወጡት ሁሉ ጀርባቸው ታያት። ዋጋ ፈርተው መስሏት ነበር። ምክር ብላ ለሺህ ሰው አስተምራዋለች።

ከምስማሩ ላይ ሜትሩን አወረደችና አንገቷ ላይ ጣል አደረገችው። «ቤትዎ የት ነው?»

«ሰሚት።»

«እንሂድ። ልኩን እኔ እወስዳለሁ።»

«አሁን?» አለች ራህማ። «በዚህ ዝናብ? ለዓመት በዓል ደንበኛ በሚመጣበት ሰዓት?»

የሺአረግ በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። «ዞሬ እመጣለሁ።»

መጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ ፈለቀች ናቸው፤ ሳቁ ሳል አስነሳባቸው፣ ሳሉ ጋሽ ገሰሰን አሳቀ። ራህማም አልቻለችም።

ሁለት ታክሲ ይዘው ሄዱ። መገናኛ ላይ ወይዘሮ ፈለቀች የሺአረግን በክርናቸው ጎሸም አድርገው «ቅጂው እንጂ፤ ያ ረዳት ድምፁ እንደ ቅዳሴ ነው» አሏት፤ «ሰሚት፣ ሰሚት፣ የሞላ ሰሚት» የሚለውን ቀዳችው። አራተኛ ፎቅ በእግር ወጡ። መስኮቱ ላይ ጽጌረዳ የበዛበት አንሶላ በሚስማር ተወጥሯል፤ ጎን በጎኑ ክፍት ነው። በክፍቱ ቦታ ማዶ ያለው ሕንፃ ይታያል። በረንዳ ላይ በካናቴራ የቆመ ሰውዬ ጥርሱን ይፍቃል። ወይዘሮ ፈለቀችን ሲያይ እጁን አነሳ፤ እሳቸውም አነሱ።

«አራት ወር ሆነን» አሉ። «ስሙን አላውቅም። መፋቂያውን የሚቀይርበትን ቀን ግን አውቃለሁ። እኔም ምን እንደምበላ እሱ ያውቃል። ለብሼ እስክወጣ መታጠቢያ ቤት ነው የምደበቀው፤ በገዛ ቤቴ!»

የሺአረግ ወንበር ላይ ወጥታ ለካች። «ሦስት ሜትር ከሃያ። ለሽብሽቦው እጥፍ ይሆናል፤ ስድስት ሜትር ከአርባ።»

«ምነው፣ ድንኳን ልትሰፉልኝ ነው?»

«ሽብሽቦ የሌለው መጋረጃ አንሶላ ነው፣ እናቴ። አንሶላ ደግሞ አለዎት።»

ሴትዮዋ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ሳቁ። የሺአረግ ከወንበሩ ወርዳ ስልኳን አወጣችና በመዳፏ ያዘችው። «አንድ ነገር ልለምንዎት። እኔ በእርስዎ ድምፅ ተናግሬያለሁ። አሁን እርስዎ በራስዎ ይናገሩ። የጳጉሜውን ስፕሪስ።»

«ስሜን አትጥሪ።»

«አልጠራም።»

ወይዘሮ ፈለቀች አንሶላውን አዩት። «አይ፣ ጥሪው። ሳሌም ከመጣ አታጥፊው።»

ጳጉሜ አምስት፣ ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት፣ ራህማና ቶሚ መጋዘኑ ውስጥ ጣቃ ላይ ተቀምጠው ሰሙት። መጀመሪያ የየሺአረግ ድምፅ መጣ፦ «ባለፈው የሰጠኋችሁ ምክር ስህተት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የተሳሳትኩበትን ነው ያስተማርኳችሁ። ዛሬ መምህሯ ሌላ ናት።» ከዚያ ሁለት ሳል፣ ከዚያ ወይዘሮ ፈለቀች፦ «ሻጮች ሆይ፣ ዞሬ እመጣለሁ ያለ ሰው ሁሉ ውሸታም አይደለም። የሚያፍርበት ነገር ያዘው ይሆናል። ማፈሩን ካነሳችሁለት ይቀመጣል። እኔን ያስቀመጠኝ ወንበር አይደለም፤ ‹ልኩን እኔ እወስዳለሁ› ያለችኝ ቃል ናት።» ከሥሩ የጋሽ ገሰሰ ክራር፣ በላዩ የሩፋኤል ዝናብና የመገናኛው ረዳት።

አለቀ። ቶሚ ስልኩን አገላበጠ። «ማዘር... የሳቸውን አሥራ አምስት ሰከንድ ልቁረጥ? ይገድላል።»

«ቁረጥ። ሙሉው ግን እዚሁ ይቆያል።»

«እሱን እኔ ነኝ የምወስነው» አለች ራህማ። «ደግሞ ልብ በሉ፣ ሴትዮዋ የመጡት ለጠብ ነው። ይቆጠራል?»

«ለጠብም ቢሆን ሰምተው ነው የመጡት» አለች የሺአረግ። «አንቺ ‹ሰምቶ የሚገባ› አልሽ እንጂ ‹ስቆ የሚገባ› አላልሽም። በውላችን ልንሄድ ነው ወይስ ዞሬ እመጣለሁ ልትዪኝ?»

የራህማ አባት ቃል ከሚያጥፍ ነጋዴ ቆርቆሮ ይሻላል ይሉ ነበር። «ቻናሉ ያንቺ ነው» አለች። «ቪዲዮውን ቶሚ ይሥራ። ብቻ ከእንግዲህ የደንበኛ ሳል ከመስረቅሽ በፊት አስፈቅጂ።»

ጋሽ ገሰሰ ከመኪናቸው ሆነው በባዶ መርገጫ ከች ከች አደረጉ።

መስከረም ሁለት ቀን አንድ ትልቅ ሰው ገቡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በደረታቸው ይዘውታል። ጨርቆቹን በዓይናቸው እየዞሩ ቢያዩም እጃቸውን አልዘረጉም። የሺአረግ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ብድግ አለች። አሥራ አንድ ዓመት የለመደ ምላስ ነውና ቀደማት።

«ስንት ሜ...»

ነከሰችው። ጋሽ ገሰሰ ቀና አሉ።

«እንኳን አደረስዎት» አለች። «ይቀመጡ እስቲ። መስኮትዎ ወዴት ነው የሚያየው?»

ሰውዬው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። «ወደ ጎሮ መንገድ» አሉ፣ ድምፃቸው ቀስ እያለ እየተፍታታ። «ጠዋት ፀሐይ ትመታዋለች። እኔ ግን፣ እውነት ለመናገር ልጄ፣ ልኩን...»

«እሱን ለእኔ ይተዉት» አለች የሺአረግ፣ ሜትሩን ከአንገቷ እያወረደች።